ሠላሳ አንድ ኤሊ በጉርድ

ዝናቡ ሳይታሰብ ነው የወረደው። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ እያለ በየበረንዳው ሲወሸቅ እኔ አንድ ጠባብ ፎቶ ቤት በር ላይ ተገኘሁ። መስታወቱ ላይ «ጉርድ ፎቶ በአሥር ደቂቃ» ይላል። መታወቂያዬን ለማሳደስ ፎቶ እንደሚያስፈልገኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና፣ ከዝናብ ሽሽቱን ወደ ጉዳይ ለውጬ ገባሁ።

ውስጡ አንድ በርጩማ፣ አንድ ነጭ መጋረጃና አንድ መስታወት ነው። ማበጠሪያው እንዳይጠፋ በገመድ ታስሮ ከመስታወቱ ጎን ተንጠልጥሏል። ምስማር ላይ፣ ኮት ሳይለብስ ለሚመጣ ደንበኛ የሚሆን፣ ክራቫቱ ከነቋጠሮው አብሮት የተሰቀለ ጥቁር ኮት አለ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፊት ብቻ ነው፦ ተማሪ፣ ሹፌር፣ መነጽራም ሹም፣ አገጫቸው ሁለት የሆነ ወይዘሮ። ከወይዘሮዋና ከሹሙ መሀል ደግሞ አንዲት ኤሊ። ከኋላዋ ነጭ፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ አፏ የተከደነ፤ ከሹሙ ይልቅ እሷ ሹም ትመስላለች።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩ ሳላስበው።

«ይህቺ» ብለው አረሙኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብለው። «አሥራ አራት ቁጥር ነች። ደንበኛዬ ናት። ይቀመጡ። ቀና ይበሉ።»

ቀና አልኩ። ዝናቡ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል አላባራም፤ እሳቸውም አላባሩም። የሰማሁት እንዲህ ነው።

ሰፈሩ «ጋሽ ቀና» ይላቸዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ቆመው በቀን አርባና ሃምሳ ጊዜ «ቀና በል፣ አገጭ ዝቅ፣ ጆሮ ይታይ፣ አትሳቅ» ሲሉ ኖረው፣ ቃሉ ከሥራ ወጥቶ ኑሯቸው ውስጥ ገባ። አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ያንቀላፋ ሰው ካለ አንገቱን ቀስ አድርገው ያቃኑለታል። ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲሄዱ አስተካካዩን ራሱን ያስተካክሉታል። ብቸኛ ልጃቸው የተወለደች ቀን አዋላጇ ጠቅልላ ስታስረክባቸው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አደረጓትና «ጆሮዋ ይታይ እንጂ» ብለው መጠቅለያውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ ባለቤታቸው ይህን እስከ ዛሬ እያነሡ ይስቁባቸዋል።

ባለቤታቸውም ቅጽል ስም አላጡም። ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት መርፌ ሲወጉ የኖሩ ነርስ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ የሰፈሩ ልጆች ሲያዩዋቸው ቂጣቸውን በእጃቸው ከልለው ይሮጣሉ። «እትዬ መርፌ» ነው የሚባሉት፤ ስሙ ምላሳቸውንም ይጨምራል።

ነገሩ የተጀመረው ቁርስ ላይ ነው። ልጃቸው አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ሠርጓ ሦስት ወር ቀርቶታል። ጋሽ ቀና ፎቶውን ማን ያነሣል የሚለው ጥያቄ ተነሥቶም አያውቅም፤ እሳቸው እያሉ!

«አባዬ፣ አትቀየመኝና…» አለች ልጅ ሻዩን እያማሰለች፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ «የሠርጉን ፎቶ ሌላ ሰው ቢያነሣውስ?»

ጋሽ ቀና የቆረሱትን ዳቦ መልሰው አስቀመጡ። «ማን?»

«ድሮን ያለው አንድ ልጅ አለ።»

«ድሮን! ከሰማይ ላይ ሆኖ ምን ሊያይ ነው? የሰው መላጣ?»

«አባዬ፣ አንተ ያነሣኸው ሰው ሁሉ እኮ የታሰረ ነው የሚመስለው። ያጎቴን ሠርግ አስታውስ። ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ፍርድ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።»

«ያን ቀን ተጣልተው ነበር!»

«አልተጣሉም» አሉ እትዬ መርፌ ከወጥ ቤት። «አንተ ነህ አትሳቁ ያልካቸው። ሙሽራው ሚስቱን አቅፎ እጁን ያስነሣው ማን ሆነና?»

«ትከሻዋን ሸፈነብኝ!»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ቀና አኮረፉ። ሁለት ቀን ሙሉ ከልጃቸው ጋር በእናቷ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «ልጅሽን ጨው አቀብይኝ ብሎሻል በያት» ይላሉ። እትዬ መርፌም «አባትሽ ጨው ይልሻል፤ ደም ግፊት አለብህ ብያለሁ በይው» ይላሉ። እንዲህ ሲባባሉ ሁለት ቀን አለፈ። ያኮረፉት ቀልድ ለማብዛት አልነበረም። አንድ ሰው አንድ ሥራ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ከዓለም ሁሉ አንዲት ልጁ «ለኔ አትሆንም» ስትለው ያ ሁሉ ዓመት ከንቱ ይመስለዋል።

በሦስተኛው ቀን ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ቢሮዋ ስምንት ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽ መርከብ፣ የዱር እንስሳና መልክአ ምድር ማንሣት የሚወዱ ሰዎችን አምስት ቀን በደሴቶች መሀል ያዞራል። ሁለት ተሳፋሪዎች ቀርተው ቦታው ባዶውን ሊሄድ ነው።

«ሂድ፤ እማዬንም ይዘሃት ሂድ» አለቻቸው። «አንዲት ፎቶ ብቻ አምጣልኝ። የምትንቀሳቀስ ነገር፤ ቀና በል ሳትላት ያነሣሃት። ካመጣህ ሠርጌን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንተ ታነሣለህ። ካላመጣህ ግን የሙሽራ አባት ሆነህ አርፈህ ትቀመጣለህ። እሺ በል።»

«አንዲት?» ብለው ሳቁ ጋሽ ቀና፤ ኩርፊያው እዚያው ረገፈ። «አልበም ሙሉ ነው የምጭንልሽ!»

ወደቡ ላይ ሻንጣው ለፍተሻ ሲከፈት ነው እትዬ መርፌ ጉዱን ያዩት። ካሜራው ይሁን፤ ተጣጣፊ በርጩማ ምን ይሠራል? የፀጉር ውኃ መርጫስ? ነጩ መጋረጃ በአራት ታጥፎ፣ ማበጠሪያው ከነገመዱ፣ ከሥር ደግሞ ያ ጥቁር ኮት።

«አንተ ሰውዬ፣ ኮቱ ምንድነው?»

«ደንበኛ ያለ ኮት ቢመጣስ?»

«ደንበኛህ ዓሣ ነው!»

ፈታሹ ኮቱን ወደ ላይ አንሥቶ አየው፣ የታሰረውን ክራቫት አየ፣ ጋሽ ቀናን አየ፣ መልሶም አጣጠፈው።

መርከቧ ንጹሕ ነበረች፤ ግን መኝታ ክፍሎቹን የሠራቸው ሰው ቁም ሣጥን ሠሪ ሳይሆን አይቀርም። ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ ለጋሽ ቀና ዐይናቸው ውስጥ የገባው አንድ የጥርስ ሐኪም ነው። ወጣት ባይሆንም ከእሳቸው ያንሳል፤ ካሜራው ላይ የገጠመው ሌንስ ክንድ ያህላል።

«ዶክተር፣ ይህ ለፎቶ ነው ለጦርነት?» አሉት።

«በዚህ የወፍ ቅንድብ ይቆጠራል ጋሼ» አላቸው እየሳቀ። «እርስዎስ የትኞቹን እንስሳት ነው የሚያነሡት?»

«የሚቀመጡትን።»

አስጎብኚዋ ቆፍጣና ልጅ ናት፤ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆራት፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች። ገና ከመነሣታቸው ደንቡን አነበበችላቸው። ከእንስሳት አምስት እርምጃ መራቅ፣ አለመንካት፣ አለመመገብ፣ አለማፏጨት፣ አለመጥራት።

«አለመጥራት ማለት?» አሉ ጋሽ ቀና ደንግጠው።

«ዝም ማለት ነው ጋሼ። አይናገሯቸውም።»

እትዬ መርፌ ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉና «አለቀልህ» አሉ በሹክሹክታ።

የመጀመሪያው ቀን ወፎች ነበሩ። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ በወጣ ገደል ላይ ሺህ ወፍ ይጮኻል፣ ይበራል፣ ይወረወራል። የሌሎቹ ካሜራ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይላል፤ ጋሽ ቀና ግን አንድ ጊዜም አልተኮሱም። አንድ ወፍ መርጠው፣ ዞሮ እስኪያያቸው ይጠብቃሉ። ወፉ በቀኝ ያያል፣ በግራ ያያል፣ ወደ ሰማይ ያያል። ሃያ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና «አንተ፣ ወደዚህ! አገጭ ዝቅ!» አሉ።

አስጎብኚዋ ፊሽካዋን ነፋች።

ወፉ ግን ዞረ። ከፉጨቱ ይሁን ከአገጩ እንጃ፣ ዞሮ ፊት ለፊት አያቸው። ቀጭ!

ማታ ከራት በኋላ ሁሉም የቀኑን ምርጥ ፎቶውን ግድግዳ ላይ በትልቁ ያሳያል። ጥርስ ሐኪሙ ዓሣ ነክሶ ከውኃ የሚነሣ ወፍ አሳየ፤ የውኃው ጠብታ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰው አጨበጨበ። የጋሽ ቀና ተራ ደረሰ። ግድግዳው ላይ አንድ ወፍ፣ ከደረቱ በላይ፣ ሁለት ዐይኑ ሰፍቶ፣ ምንቃሩ መሀል ለመሀል፣ አፍጥጦ ቀረ።



«ምን አድርጎ ነው የተያዘው?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ እንኳ መሪውን ለረዳቱ ትቶ መጥቶ ሳቀ። ጋሽ ቀናም አብረው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም። «የታሰረ ይመስላል» ያለችው ልጃቸው ድምፅ ጆሯቸው ላይ አቃጨለ። ወፉን ደጋግመው አዩት። እውነትም ጠበቃ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

በማግስቱ እግራቸው እንደ ዓሣ ክንፍ የሆነ የባሕር ውሾች የተኙበት ዳርቻ ሄዱ። ጋሽ ቀና ገና ሲያዩዋቸው ልባቸው ጮቤ ረገጠ። ወፍራም፣ የረጋ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚቀመጥ ፍጡር! ሠላሳ ሦስት ዓመት ያነሧቸው የቢሮ ኃላፊዎች ሁሉ ተሰብስበው አሸዋ ላይ የወጡ ነበር የመሰላቸው። ተንበርክከው፣ አነጣጥረው፣ ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን መለሱ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ መርፌ።

«ጆሮ የላቸውም።»

«እና?»

«ጆሮው የማይታይ ፎቶ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚቀበለው?»

«አንተ፣ የባሕር ውሻው ፓስፖርት ሊያወጣ ነው?»

ጋሽ ቀና ካሜራቸውን ከደኑ። ከሰዓት መልክአ ምድር ላንሣ ብለው መርከቧ ጀርባ ላይ ቆሙ፤ ማዶ ያለው ደሴት በጭጋግ ሰማያዊ ሆኖ ያምራል። ግን መርከቧ ወደ ግራ ትላለች፣ ወደ ቀኝ ትላለች፤ ደሴቱም አብሮ ያዘነብላል። አምስት ጊዜ አነሡ፤ አምስቱም ላይ ደሴቱ ሊወድቅ ነው። ወደ ካፒቴኑ ቀና ብለው ጮኹ፦

«ቀና አድርጋት እንጂ!»

«ማንን?»

«መርከቧን!»

ካፒቴኑ ሃያ ዓመት ባሕር ላይ ሲኖር ብዙ ትእዛዝ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ እንደማያውቅ በራት ሰዓት ለሁሉም ነገራቸው። ጋሽ ቀና ያን ምሽት ግድግዳው ላይ የሚያሳዩት ነገር አልያዙም። «ራሴን አሞኛል» ብለው ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ገብተው ተኙ። እትዬ መርፌ ተከትለው ገቡና ግንባራቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ትኩሳት የለህም። ኩርፊያ ነው። ለሱ መርፌ የለኝም» አሉ፤ ቢሆንም ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡላቸው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ኤሊዎቹ የመጡት፤ ወይም እነ ጋሽ ቀና ናቸው የመጡባቸው። ሰፊ የባሕር ዳር ላይ፣ ፀሐይ ሊሞቁ ከውኃ የወጡ ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች እዚህም እዚያም ተዘርግተዋል። አይሮጡም፤ አይበሩም፤ አይጮኹም። አንገታቸውን ቀስ ብለው ያወጣሉ፣ ያያሉ፣ ያያሉ፣ አሁንም ያያሉ።

ጥርስ ሐኪሙና ሌሎቹ ፀሐይዋን ከኤሊዋ ኋላ አድርገው፣ ኤሊዋ ጥቁር ጥላ እንድትሆን ሲንበረከኩ አስጎብኚዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ጋሽ ቀና አጠገቧ ነበሩ።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም ጋሼ። ቆንጆ ነው።» ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። «የደሴቱ ጠባቂዎች የየኤሊዋን መዝገብ እንድይዝ ነግረውኛል። ጉንጯ ላይ ያለው ቅርፊት የየራሷ ነው፤ እንደኛ የጣት አሻራ ማለት ነው። በሱ ነው ማን ተመለሰች፣ ማን ቀረች የሚባለው። የኔ ካሜራ ከሩቅ አይሆንም። እንግዶቹን ላኩልኝ እላለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የላኩልኝ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ኤሊዋ ጥቁር፣ ሰማዩ ቀይ። በጣም ያምራል። ግን ማን እንደሆነች አይታወቅም።»

ጋሽ ቀና ደብተሩን አዩት። ስድስት ኤሊ ብቻ ተመዝግቧል፤ አንዷ ፎቶ ላይ የሰው አውራ ጣት አለ።

«ፊቷ ነው የሚያስፈልግሽ?»

«ፊቷ፣ ግራ ጉንጯ፣ ቀኝ ጉንጯ። ጥርት ያለ፣ ጥላ የሌለው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጎብጦ የነበረው የጋሽ ቀና ጀርባ ቀጥ አለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲጠብቁት የነበረ ቃል ነው። «አንቺ መርፌ!» ብለው ወደ ጀልባዋ ጮኹ። «መጋረጃውን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እትዬ መርፌ መጋረጃውን በሁለት መቅዘፊያ ወጥረው፣ ከኤሊዋ ኋላ ደንቡ እስከሚፈቅደው ርቀት ድረስ ሄደው ቆሙ። ጋሽ ቀና በርጩማቸውን ከፊት ተክለው ተቀመጡ፤ አምስት እርምጃው በእርምጃ ተለካ። ከዚያ ርቀት የሳቸው ሌንስ አልደርስ ሲላቸው ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞሩ።

«ዶክተር፣ ያን መድፍህን አውሰኝ።»

ሰውየው ለማንም አውሶት አያውቅም፤ ግን የነገሩ ሁኔታ ገርሞት ሰጣቸው። ከሰጠ በኋላ ደግሞ ሌንሱን ትቶ መሄድ አልቻለምና ረዳት ሆነ። በርጩማ ያዛውራል፣ ቁጥር ይጽፋል።

«ይቺን አፏን ብትከፍትልኝ እኮ…» አለ በሦስተኛዋ ላይ፣ የሙያው ነገር ሆኖበት።

«ኤሊ ጥርስ የላትም ዶክተር» አለችው አስጎብኚዋ።

«ጭራሽ?» ብሎ ኩም አለ።

«አይዞህ» አሉት ጋሽ ቀና። «ጆሮም የላት፣ ጥርስም የላት። ሁለታችንንም አፈር አብልታናለች።»

አምስተኛዋ፣ ስድስተኛዋ፣ ሰባተኛዋ። እትዬ መርፌ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው የድሮው የሆስፒታል ድምፃቸው ተመለሰ። «ቀጣይ!» ይላሉ። «አሥራ አንድ ቁጥር! ተራሽን ጠብቂ አንቺ!» አስጎብኚዋ ፊሽካዋን ወደ አፏ አንሥታ፣ እትዬ መርፌን አየት አደረገችና ፊሽካዋን መልሳ ለቀቀችው። አሥራ ሁለተኛዋ ዐይኗን ጨፈነች፤ አርባ ደቂቃ ተጠበቀች። አሥራ አራተኛዋ ግን፣ ጋሽ ቀና ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ራሷ መጥታ፣ ራሷ ቀጥ ብላ፣ አንገቷን አውጥታ፣ ፊት ለፊት አየች፤ ጨርሰው «ግራ» ብለው ሲያስቡ ወደ ግራ ዞረች፤ «ቀኝ» ሲሉ ወደ ቀኝ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ደንበኛ አላጋጠማቸውም።

በሁለት ቀን ሠላሳ አንድ ኤሊ አነሡ። አስጎብኚዋ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ «ጋሼ፣ የሁለት ዓመት ሥራዬን ነው የሠሩልኝ» አለቻቸው። በዚያ ምሽት ግድግዳው ላይ ሠላሳ አንድ ፊት ተራ በተራ ሲያልፍ የሚስቅ ጠፋ። ሰዎቹ መከራከር ጀመሩ፤ ይቺ ኩሩ ናት፣ ይቺ ነገረኛ ናት፣ ያቺን ከዚህ በፊት የሆነ ቢሮ ውስጥ አይቻታለሁ።

ጋሽ ቀና በደስታ ሲዋኙ ቆይተው፣ ሊተኙ ሲሉ እትዬ መርፌ አንዲት ነገር ጣል አደረጉ።

«የልጅህስ?»

«ምን?»

«የምትንቀሳቀሰው። ነገ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው።»

ጋሽ ቀና በካሜራው ውስጥ ያለውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ሠላሳ አንዱም አይንቀሳቀሱም። ወፉም አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ደሴቱ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀን ጧት ጋሽ ቀና ከሁሉ በፊት ተነሥተው መርከቧ ጀርባ ላይ ቆሙ። ካሜራው አንገታቸው ላይ፣ ጣታቸው መጫኛው ላይ፣ አፋቸው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። የሚንቀሳቀስ ነገር ብቅ ይበል እንጂ! ባሕሩ ግን እንደ ጠረጴዛ ተኝቷል።

ካፒቴኑ አፍሮ እያሳለ መጣ። «ጋሼ… የባሕረኛ መታወቂያዬ ጊዜው አልፏል። ወደብ እንደደረስን ማሳደስ አለብኝ። ጉርድ ፎቶ ቢያነሡኝ…»

ሌላ ሰው «ቆይ» ይል ነበር። ጋሽ ቀና ግን በሕይወታቸው ጉርድ ፎቶ የጠየቃቸውን ሰው ቆይ ብለው አያውቁም። «ኮት አለህ?» አሉት፤ እንደሌለው እያወቁ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ካፒቴኑ በቁምጣና በነጠላ ጫማ፣ ከወገቡ በላይ ግን በጥቁር ኮትና በክራቫት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ፀጉሩ ላይ ውኃ ተረጨ፣ ተበጠረ። እትዬ መርፌና ጥርስ ሐኪሙ መጋረጃውን ከኋላው ወጠሩ።

«ቀና በል። አገጭ ዝቅ። ጆሮ… ጥሩ ነው፣ ጆሮ አለህ።»

በዚያች ቅጽበት ከመርከቧ ፊት ጩኸት ተነሣ። ሰው ይሮጣል። አስጎብኚዋ «ዶልፊኖች! ዶልፊኖች!» ትላለች። ካፒቴኑ ሊዞር አንገቱን ነቅነቅ አደረገ።

«አትዙር!» ብለው ጮኹበት ጋሽ ቀና።

«ጋሼ፣ ከኋላዬ…»

«ትከሻህ ተዛባ! ቀና!»

መጋረጃ የያዙት ሁለቱ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው አፋቸውን ከፍተዋል። የጥርስ ሐኪሙ «ጋሼ! ጋሼ! እየዘለሉ ነው!» ይላል፤ ግን መጋረጃውን አለቀቀም፤ በሁለት ቀን የተማረው ሥነ ሥርዓት ያዘው። አሥራ ሁለት ዶልፊኖች ከዚያ ነጭ መጋረጃ ኋላ፣ ከካፒቴኑ ጆሮ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ ላይ ተወረወሩ፣ ተገለበጡ፣ ውኃውን አጨበጨቡት። ጋሽ ቀና ያዩት አንድ የባሕረኛ ፊት ብቻ ነው። ቀጭ!

ከተነሣው ፎቶ ቀና ሲሉ ነው የሚስታቸውን ፊት ያዩት። ካሜራውን ይዘው ሮጡ። ተጫኑ፣ ተጫኑ፣ ተጫኑ። በኋላ ሲቆጠር አሥራ ሰባት ፎቶ ነው፦ አሥራ አምስቱ ውኃ፣ አንዱ የጥርስ ሐኪሙ ክርን፣ አንዱ ደግሞ አረፋ፣ ከአረፋው ሥር ጭራ የሚመስል ነገር ያለው፤ እሱም ጭራ ላይሆን ይችላል።

የካፒቴኑ ጉርድ ግን አንድ ፀጉር የሚጣልበት አልነበረም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሽ ቀና መንገዱን ሙሉ አሥራ ሰባቱን ፎቶ እየመላለሱ አዩ። ልጃቸው በሩን ከፍታ «እሺ አባዬ?» ስትላቸው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጠው ቁርጡን ነገሯት።

«አልተሳካልኝም። ባለ ድሮኑን ጥሪው።»

«አንድም?»

«አሥራ ሰባት ውኃ አለ።»

ልጅ ሳቋ መጣ፤ ያባቷን ፊት አየችና ዋጠችው። ካሜራውን ወስዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ወፉ ላይ ስትደርስ ሳቁ አመለጣት። ካፒቴኑ ላይ ስትደርስ እናቷ ቁምጣውን ነገሯትና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኤሊዎቹ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ እየቀነሰ ሄደ። አንዷን አሳልፋ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ሌላዋን ታሳልፍና እንደገና ትመለሳለች።

«ይቺ አኩራፊ ናት አይደል?»

«አሥራ ዘጠኝ ነች» አሉ ጋሽ ቀና፣ እየኮሩም እያዘኑም። «ፀባይዋ ነው እንጂ ልቧ ደግ ነው።»

«ይቺ ደግሞ የእጮኛዬ አያት! ቁርጥ እሳቸውን!» ከዚያ ካሜራውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እትዬ መርፌ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው አዩ። «አባዬ» አለች ልጅ። «ባለ ድሮኑ ይምጣ፤ እላያችን ላይ እንዳሻው ይብረር። አንተ ግን በሩ ላይ በርጩማህን ይዘህ ተቀመጥልኝ። የሚገባውን እንግዳ ሁሉ እንደነዚህ አንሣልኝ። አንድ ሰው እንዳይቀር።»

«ውርርዱን ተሸንፌያለሁ። ምጽዋት አልፈልግም።»

«የምን ምጽዋት? ከሰማይ የሚነሣው ጉንዳን ነው። እኔ ማን እንደመጣልኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ቀና ለማኩረፍ ሞከሩ። አፋቸውን አሞጠሞጡ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አልሆነላቸውም።

የሠርጉ ቀን ሁለት መቶ አሥራ አንድ እንግዳ በዚያች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እትዬ መርፌ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው «ቀጣይ!» ይላሉ፤ ሰልፉ እስከ መንገድ ደረሰ። የሙሽራው አያት ጆሯቸውን አላሳይም ብለው ሰልፉን ሩብ ሰዓት አቆሙት፤ በኋላ ሁለት ቅጂ አዘዙ። ያ ጥቁር ኮት የአሥራ ስምንት ወንዶችን ትከሻ ጎበኘ። ድሮኑ ምሳ ሳይቀርብ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ ጋሽ ቀና በዚህ እንዳልሳቁ ይምላሉ። ዛሬ ልጅቱ ቤት እንግዳ ከመጣ ከሳሎኑ መደርደሪያ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ፊት ያለበት አልበም ነው አሉ፤ ቤተሰቡ በየፊቱ ላይ ሲከራከር ያመሻል።

በመጨረሻ፣ እንግዳው ሁሉ ገብቶ በሩ ጭር ሲል፣ ሙሽራዋ ራሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ቀና አለች። ማንም ሳይነግራት አገጯን ዝቅ አደረገች።

ጋሽ ቀና ወሬያቸውን እዚህ ላይ ገታ አደረጉና የኔን ጉርድ በመቀስ መቁረጥ ጀመሩ። አራቱንም ጥግ እኩል ለማድረግ ጊዜ ወሰዱ። ዝናቡ አቁሞ ነበር፤ ሰው ከየበረንዳው እየወጣ ነው። አራቷን ፎቶ በትንሽ ፖስታ አድርገው ሰጡኝ። አየሁት፤ እውነትም የሆነ ነገር ያደረግሁ እመስላለሁ።

ግድግዳውን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁና «የሙሽራዋ የታለ?» አልኳቸው በሩን እየከፈትኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እሷ አልወጣችም» አሉኝ። «ሰባት ጊዜ ተጫንኩ፤ ሰባቱም ደበዘዙ። እና… እዚህ ሰፈር ካሉ፣ ድንገት ባለቤቴን ካገኟት፣ ካሜራው ነው የተበላሸው ብያታለሁና እርስዎም እንደዚያው ይበሉልኝ።»